ሩጫንና ክብደት ማንሳትን በአንድ ፕሮግራም ማስኬድ፦ አንዱ ሌላውን ይጎዳል ወይ?

ጥያቄ (የሳሪሱ)

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 34፣ ክብደቴ 82 ኪሎ ግራም ሲሆን የምኖረውም የምሠራውም አዲስ አበባ ነው። የባንክ ሠራተኛ በመሆኔ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ስለምውል፣ ላለፉት ጥቂት ዓመታት አመሻሽ ላይ ጂም እየገባሁ ክብደት ማንሳትን ልማድ አድርጌዋለሁ፤ ዋና ዋና ልምምዶቼም ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሣት)፣ ዴድሊፍት (ብረትን ከመሬት ማንሳት) እና ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተጋድሞ ብረትን ከደረት ወደ ላይ መግፋት) ናቸው። ዘንድሮ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በኅዳር ወር በሚካሄደው የታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ለመሳተፍ ወስነናል። አብዛኛው ሰው በዚያ ቀን የሚወጣው ለመጨፈርና ለመደሰት እንደሆነ አውቃለሁ፣ የእኔ ፍላጎት ግን ርቀቱን ከአንድ ሰዓት በታች ሮጦ መጨረስ ነው። ስለዚህ ከሰኔ ወዲህ ሥራ ከመግባቴ በፊት ጠዋት ጠዋት እሮጣለሁ።

ችግሩ የመጣው ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ከጀመርኩ በኋላ ነው። ቀደም ሲል ስኳት ላይ 120 ኪሎ ግራም አምስት ጊዜ ደጋግሜ አነሳ ነበር፤ አሁን 110 ኪሎ ግራሙ እንኳ ከሦስተኛው በኋላ ይፈትነኛል። ሩጫውም ቢሆን በዚያው ልክ አልተሻሻለም፤ በተለይ እግር በሠራሁ ማግስት ገና ከመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ጀምሮ ጭኖቼ አልታዘዝ ይሉኛል። በቅርቡ ደግሞ በቀኝ ቅልጥሜ ውስጠኛ ጎን፣ ሩጫ ስጀምር የሚሰማኝና ሰውነቴ ሲሞቅ ቀለል የሚል ሕመም ተጨምሯል።

የማገኘው ምክር እርስ በርሱ ይጋጫል። የጂም አሰልጣኜ «ካርዲዮ (እንደ ሩጫ ያለ ልብን የሚያሠራ ልምምድ) ጡንቻ ይበላል፣ ከሁለት አንዱን ምረጥ» ሲለኝ፣ አብረውኝ የሚሮጡት ደግሞ «ብረቱን ተወው፣ ያከብድሃል» ይሉኛል። እኔ ግን አንዱንም መተው አልፈልግም፤ በቤተሰባችን የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ስላለ የልቤም የጡንቻዬም ጤንነት እኩል ያሳስበኛል። ሁለቱ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ሊስማሙ ይችላሉ ወይ? በአንድ ቀን ከዋሉ የትኛው ይቅደም? ረቡዕና ዓርብን ስለምጾም፣ የፍልሰታ ጾምም ስለተቃረበ፣ የአመጋገቡን ነገር የምታውቁ ብታክሉበት ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ (የስፖርት ሳይንስ መምህር)

ውድ ጠያቂ፣ ከሁለት አንዱን እንዲመርጡ የሚያስገድድዎት ነገር የለም። ሆኖም የአሰልጣኝዎ ስጋት መሠረት የሌለው እንዳይመስልዎት፣ ነገሩን ከመነሻው ማስረዳት ተገቢ ነው።

ይህን ጉዳይ በሳይንስ መድረክ ላይ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመው የአሜሪካዊው ተመራማሪ የሮበርት ሂክሰን ጥናት ነው። ሂክሰን ራሱ ክብደት የሚያነሳ ሰው ነበር፤ በሴንት ሉዊስ ከተማ በታዋቂው የጽናት ተመራማሪ በጆን ሆሎዚ ቤተ ሙከራ ሲሠራ ከእርሱ ጋር መሮጥ ጀምሮ ጉልበቱ ሲቀንስበት፣ ምክንያቱን በጥናት ለማወቅ እንደተነሣ ይነገራል። በጥናቱ አንደኛው ቡድን ክብደት ብቻ፣ ሁለተኛው የጽናት ልምምድ (እንደ ሩጫና ብስክሌት ያለ ረዘም ላለ ጊዜ የሚሠራ) ብቻ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ለ10 ሳምንታት ሠራ። ሁለቱንም የሠሩት ሰዎች የመተንፈስና የልብ አቅም ጽናት ብቻ ከሠሩት ጋር እኩል አደገ። ጉልበታቸው ግን እስከ ሰባተኛው ሳምንት ገደማ ከጨመረ በኋላ ቆመ፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታትም መቀነስ ጀመረ። «ካርዲዮ ጡንቻ ይበላል» የሚለው የጂሞች አባባል ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

ብዙዎች የማይጠቅሱት ግን እነዚያ ሰዎች የሠሩት የልምምድ መጠን ነው። ክብደቱን በሳምንት 5 ቀን፣ የጽናቱን ልምምድ ደግሞ በሳምንት 6 ቀን ይሠሩ ነበር፤ በድምሩ 11 ልምምድ መሆኑ ነው። የክብደቱ ልምምድ በአብዛኛው በእግር ላይ ያተኮረ ነበር። የጽናቱም ቢሆን ቀለል ያለ ሶምሶማ አልነበረም፤ ግማሹ እስከ አቅም ጫፍ የሚያደርስ የብስክሌት ኢንተርቫል (በመካከሉ እያረፉ በኃይል መጋለብ)፣ ግማሹ ደግሞ በተሰጠ ደቂቃ የተቻለውን ያህል ርቆ መሮጥ ነበር። እንዲህ ባለ ጫና ሰባት ሳምንት ሙሉ ጉልበታቸው እያደገ መቆየቱ በራሱ ሰውነት ሁለቱን ማስተናገድ እንደሚችል ያሳያል። ከዚያ በኋላ የተደረጉ በርካታ ጥናቶች ተሰባስበው ሲመረመሩም፣ መጠኑ ልከኛ እስከሆነ ድረስ ከፍተኛ ጉልበትና የጡንቻ ውፍረት እምብዛም እንደማይጎዱ፣ ጥቂት የሚነካው በቅጽበት የሚፈነዳው ጉልበት እንደሆነ፣ ይህም ሁለቱ ልምምዶች ተከታትለው በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ጎልቶ እንደሚታይ ታውቋል። የዝላይ ወይም የአጭር ርቀት ተወዳዳሪ ላልሆነ እንደ እርስዎ ላለ ሰው ይህ ብዙ የሚያስጨንቅ አይደለም።

በጡንቻ ውስጥ የሚሆነውን በአጭሩ ላስረዳ። የጡንቻ ሕዋስ ኃይሉ ሲሟጠጥ ኤኤምፒኬ የተባለ ኢንዛይም ይነቃል፤ ይህም ፕሮቲን እንዲገነባ የሚያዝዘውን ኤምቶር የተባለውን ሥርዓት ሊያቀዘቅዘው ይችላል። በርካታ የኢንተርኔት ጽሑፎች ነገሩን በሙሉ በዚህ ይፈርጃሉ። እኔ ግን በእርስዎ ሁኔታ ምክንያቱ ከዚህ የቀለለ ይመስለኛል፦ ጠዋት የሮጡበት እግር ማታ ስኳት ሲገባ አላገገመም፣ ያቃጠለውንም ምግብ አልተካም። ሩጫ ደግሞ ከብስክሌት ይልቅ እግርን ያደክማል፤ እያንዳንዱ እርምጃ ጡንቻው እየተለጠጠ ክብደትዎን እንዲሸከም ያስገድደዋል፣ 82 ኪሎ ግራም ደግሞ ለሯጭ ቀላል ሸክም አይደለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ልምምዶቹን ማራራቅ ነው። በአንድ ቀን የሚውሉ ከሆነ ቢያንስ የስድስት ሰዓት ልዩነት ይኑራቸው፣ በመካከሉም ደኅና አድርገው ይመገቡ፤ በተለያየ ቀን ቢሆኑ ደግሞ የተሻለ ነው። ጊዜ ጠቦ አከታትለው መሥራት ግድ ሲሆንብዎት፣ ጉልበትን የሚያስቀድሙ ከሆነ ክብደቱን ሠርተው ቀለል ባለ ሶምሶማ ይጨርሱ። ለፍጥነት ተብሎ የሚሮጥ ሩጫ ግን ከስኳት በኋላ ፈጽሞ አይሁን፤ የደከመ ጭን የአሯሯጥ ስልትን ያበላሻል፣ ጉዳትም የሚመጣው በዚያ በኩል ነው።

ለእርስዎ ሳምንት እንዲህ ያለውን አቀማመጥ እመርጣለሁ። ሰኞ ማታ ከባዱ የእግር ቀን ይሁን፤ ስኳት በሦስት ዙር፣ በየዙሩ ከአራት እስከ ስድስት ድግግሞሽ፣ ከዚያ ቋንጃንና መቀመጫን የሚያጠነክር ሮማኒያን ዴድሊፍት፣ በመጨረሻም ባትን ለማጠንከር በጣቶች ላይ እየተነሱ መቆም። በእያንዳንዱ ዙር መጨረሻ አንድ ወይም ሁለት ድግግሞሽ ሊጨምሩ የሚችሉበት አቅም ተርፎዎት ያቁሙ። ማክሰኞ ጠዋት ከጎንዎ ካለ ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገሩ ሊሮጡት የሚችሉት ቀላል ሩጫ፣ 40 ደቂቃ ያህል። ረቡዕ ከጾም ፍቺ በኋላ አመሻሽ ላይ ደረት፣ ጀርባና ትከሻ። ሐሙስ ጠዋት የፍጥነት ወይም የዳገት ሩጫ፣ ማታ ደግሞ አጠር ያለ ሁለተኛ የእግር ልምምድ፤ ከባዱን ከከባድ ጋር በአንድ ቀን ማዋል ዓርብን ለሙሉ ዕረፍት ነፃ ያደርገዋል። ቅዳሜ በአፈር መንገድ ረጅሙ ሩጫ። እሑድ ዕረፍት፣ ካሻዎት ከሰዓት በኋላ የላይኛው አካል ቀለል ያለ ልምምድ።

ስኳት በሚሠሩበት ዕለት አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ማሟሟቂያ ላይ 80 ኪሎ ግራሙን ሲያነሱ ብረቱ ዘወትር ከሚነሣበት ፍጥነት ቀርፈፍ ካለ፣ እግርዎ አላገገመም ማለት ነው። በዚያን ዕለት ክብደቱን በጥቂቱ ዝቅ ያድርጉ፣ ዙሮቹንም ከሦስት ወደ ሁለት ይቀንሱ። ጉልበት የሚጠበቀው በልምምድ ብዛት ሳይሆን ጠንከር ያለው ክብደት ሳይቋረጥ በመቆየቱ ነው፤ በሳምንት አንድ ጥሩ የእግር ልምምድ እንኳ ያለውን ጉልበት ለወራት ያቆያል። በዚህ መካከል የስኳትዎ መጠን እስከ ኅዳር ባለበት ቢቆይ እንደ ውድቀት አይቁጠሩት።

የቅልጥምዎን ሕመም ቸል አይበሉ። በአጥንቱ ውስጠኛ ጎን ረዘም ባለ ቦታ ላይ የተሰራጨና ሲሞቁ የሚቀንስ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሩጫ በድንገት ሲበዛ የሚመጣ ስለሆነ የሩጫውን መጠን ለጥቂት ሳምንታት መቀነስና ከአስፋልት ወደ አፈር መዞር ይረዳል። በአንድ ጣት ሊጠቁሙት የሚችሉት አንድ ነጥብ ላይ ከሆነ፣ ወይም በዕረፍትና በሌሊት ጭምር የሚሰማ ከሆነ ግን የአጥንት መሰንጠቅ ሊሆን ስለሚችል ሩጫውን አቁመው ሐኪም ይዩ።

መልስ (የሯጮች አሰልጣኝ)

ከላይ የተሰጠውን ማብራሪያ በአብዛኛው እቀበለዋለሁ፤ በሐሙሱ ድርብ ልምምድ ግን አልስማማም። ጠዋት ዳገት ሮጦ፣ ስምንት ሰዓት ወንበር ላይ ውሎ፣ በአዲስ አበባ የትራንስፖርት ሰልፍ ቆሞ ማታ እንደገና ስኳት የሚሠራ ሰው ስንት ሳምንት ይዘልቃል? ሙያቸው ሩጫ የሆኑት በሁለቱ ልምምድ መካከል ተኝተው ያርፋሉ፤ የቢሮ ሠራተኛ ይህ ዕድል የለውም። ለእርስዎ በሳምንት አንድ ከባድ የእግር ቀን በቂ ነው እላለሁ፣ የሐሙሱም ዳገት ሁለተኛው የእግር ልምምድ ሆኖ ይቆጠርልዎ።

አብረውዎት የሚሮጡት «ብረት ያከብዳል» ማለታቸው ግን ሊታረም ይገባል። ሂክሰን በ1980 ባወጣው ጥናት ስሙ ይነሣል እንጂ፣ ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1988 ተቃራኒውን ጥያቄ አንሥቶ፣ ቀድሞውኑ በጽናት የሠለጠኑ ሰዎች ለ10 ሳምንታት በሳምንት ሦስት ቀን የእግር ክብደት ቢጨምሩ ምን እንደሚሆን መርምሯል። ጭናቸው አልወፈረም፣ የኦክስጅን አጠቃቀም ጣሪያቸውም አልጨመረም፤ ሆኖም በብስክሌት ሳይደክሙ የሚቆዩበት ጊዜ ከ71 ደቂቃ ወደ 85 ደቂቃ ከፍ ብሏል። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ የፊንላንድ ተመራማሪዎች የሠለጠኑ ሯጮች ከጠቅላላ ልምምዳቸው ሲሶ ያህሉን በዝላይ፣ በአጫጭር የፍጥነት ሩጫና በፍጥነት በሚነሣ ቀላል ክብደት እንዲተኩ አድርገው ነበር። ከ9 ሳምንታት በኋላ የ5 ኪሎ ሜትር ሰዓታቸው የተሻሻለው የሳንባቸው አቅም ስላደገ አይደለም፤ በተመሳሳይ ፍጥነት ሲሮጡ የሚያወጡት ጉልበት ስለቀነሰ ነው። ጠንካራ ባትና የማይላላ ጅማት መሬትን ነክቶ የሚነሣበት ጊዜ አጭር ነው፣ የሚባክነውም ጉልበት ያንሳል።

እኔ ከጀማሪዎች ጋር ስሠራ ዋናው ችግር ሆኖ የማገኘው ክብደቱን አይደለም፣ የቀላል ሩጫዎችን ፍጥነት ነው። 10 ኪሎ ሜትርን ከአንድ ሰዓት በታች ለመጨረስ እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር ከ6 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መሮጥ ያስፈልጋል። ጠያቂያችንም እንደ ብዙዎቹ የዘወትር ሩጫቸውን ሁሉ በዚሁ ፍጥነት ለመሮጥ እየታገሉ ይመስለኛል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሚወጣ፣ በዝቅተኛ ቦታ ቀላል የሆነ ፍጥነት እዚህ ከባድ ልምምድ ይሆናል። ማክሰኞና ቅዳሜ ኪሎ ሜትሩን በ7 ደቂቃ፣ አስፈላጊ ሲሆን በ7 ደቂቃ ከግማሽ ይሩጡት። ሌሎች ሲያልፉዎት ይለፉዎት። እንዲህ ሲያደርጉ የሰኞው ስኳትም ይመለሳል፣ ምክንያቱም እግርዎን የሚበላው ሩጫው ሳይሆን መካከለኛ ፍጥነቱ ነው፤ ለዕረፍት ፈጣን፣ ለልምምድ ደግሞ ዘገምተኛ የሆነ ሩጫ ሁለቱንም አይሰጥም።

ሁለት የቦታ ነገሮች ልጨምር። መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹን እየወጡ እየወረዱ የሚሮጡ ከሆነ ያንን በቀላል ሩጫ አይቁጠሩት፤ ለጭን የተሟላ የጉልበት ልምምድ ነው፣ በእግር ቀን ማግስትም አይሁን። ከእንጦጦ ቁልቁል መሮጥም እንዲሁ ነው። ሽቅቡ ትንፋሽ ስለሚያሳጥር ሰዎች ከባድ የሚመስላቸው እርሱ ነው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ደረጃ መውረድ የሚያሳቅቅ የጭን ሕመም የሚያመጣው ግን ቁልቁሉ ነው። ቅልጥምዎ እስኪሻልዎት ድረስ ዳገቱን ሮጠው ይውጡ፣ ቁልቁሉን በእርምጃ ይውረዱ።

መልስ (ነርሷ ከሜሪላንድ)

ውይይቱን በደስታ ተከታተልኩ፤ ወጣቱ ወንድማችን የጠየቀው ለእኛ ዕድሜም የሚሆን ስለመሰለኝ ጥቂት ልበል። ሃምሳን የተሻገርኩ፣ በነርስነት የማገለግል ነኝ። እዚህ አካባቢ ያሉ እህቶቼና ወንድሞቼ ሐኪም «ስፖርት ሥሩ» ሲላቸው ሁልጊዜ የሚረዱት የእግር ጉዞን ብቻ ነው። ጉዞ መልካም ነው፣ ግን ግማሹ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ሲመክር፣ በተጨማሪ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ዋና ዋና ጡንቻዎችን የሚያጠነክር ልምምድ እንዲደረግ ይላል። ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑት ደግሞ ሚዛንን መጠበቅ የሚያስተምር እንቅስቃሴ በሳምንት ሦስት ቀን ይጨመርበታል፣ ዓላማውም ከመውደቅ መጠበቅ ነው።

ስኳር ላለበት ሰው ጡንቻ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ከምግብ በኋላ ከደም ውስጥ የሚነሣው ስኳር አብዛኛው የሚገባው ወደ ጡንቻ ነውና። ሁለቱን የልምምድ ዓይነቶች ማጣመር የሦስት ወር የስኳር ልኬትን ከአንዱ ብቻ ይልቅ የተሻለ እንደሚያወርድ በጥናት ታይቷል። ኢንሱሊን ወይም ስኳርን በኃይል የሚያወርድ ክኒን የሚወስዱ ግን ልምምዱን ከመጀመራቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፣ ጣፋጭ ነገርም ከኪሳቸው አይለይ።

ለእናቶችና ለአባቶች የክብደት ልምምድ ሲባል ግዴታ ባርቤል (በሁለት ጫፉ ክብደት የሚጫንበት ረጅም ብረት) ማለት አይደለም። ደረቅ ወንበር ላይ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ መቀመጥና መነሣት፣ ወጥ ቤት ውስጥ ጠረጴዛውን ተደግፎ ፑሽ አፕ መሥራት፣ በሁለት እጅ የውኃ ጀሪካን ይዞ ኮሪደሩን መመላለስ፣ ለብዙ ሰው የሚበቃ መነሻ ነው። ሲቀልል ይጨመራል። ከጉዞው በፊት ቢሠራ ይሻላል፤ እግር ሳይደክም መነሣትና መቀመጥን በሥርዓት መሥራት ይቻላል። የደም ግፊት ያለባቸው ሲያነሡ ትንፋሻቸውን አፍነው እንዳይዙ አደራ እላለሁ፣ በመነሣት ላይ ሳሉ ያስወጡት።

ተጨማሪ ጥያቄ (የሳሪሱ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሕመሙ በአንድ ነጥብ ላይ ሳይሆን አንድ ስንዝር በሚሆን ቦታ ላይ የተሰራጨ ነው፤ ቢሆንም ሩጫውን ለጊዜው ቀንሼ ካልተሻለኝ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ። ቀላል ሩጫዬ ቀላል እንዳልነበረም አሁን ገባኝ። በሐሙሱ ጉዳይ የአሰልጣኙን ምክር ተከትዬ በአንድ ከባድ የእግር ቀን እጀምራለሁ።

ያልተመለሰልኝ የጾሙ ነገር ነው። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እቆያለሁ፣ በፍልሰታም እንዲሁ ለማድረግ አስባለሁ። ሥጋና እንቁላል በሌለበት ለሁለቱም ልምምድ የሚበቃ ፕሮቲን ማግኘት ይቻላል? ወደ ውድድሩ ቀን ሲቃረብ ክብደቱን መቼ ላቁም? ከዚያስ በኋላ ፕሮግራሙ እንዴት ይቀጥላል?

መልስ (የስፖርት ሳይንስ መምህር)

የአሰልጣኙን እርማት በደስታ እቀበላለሁ፤ ከሥራዎ ጋር የሚስማማው ያ ነው።

ስለ ፕሮቲን፣ ጡንቻ ለመገንባት ለሚሠራ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት 1.6 ግራም ገደማ ይበቃል፤ ለእርስዎ ወደ 130 ግራም ይሆናል። በጾም ምግብ ይህን መሙላት የሚቻለው ታስቦበት ሲሆን ነው። መቶ ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ወጥ ሆኖ ሲቀርብ አንድ ሰው በቀን ሊበላው የሚችለው መጠን ነው። ሰማንያ ግራም የሽምብራ ሽሮ 16 ግራም አካባቢ፣ 250 ግራም የጤፍ ዱቄት የወጣው እንጀራ 30 ግራም አካባቢ፣ አንድ እፍኝ ተኩል ኦቾሎኒ፣ ማለትም 50 ግራም ያህል፣ 13 ግራም ይሰጣል። ሃምሳ ግራም አኩሪ አተር ቢጨመር 18 ግራም ነው። ሲደመር ከ100 ግራም አለፍ ይላል። ከግቡ ዝቅ ቢልም በሳምንት ሁለት ቀን ወይም ለሁለት ሳምንት እንዲህ መሆኑ ጉልበት አያሳጣም፣ በፍስክ ቀን ሙሉውን ካገኙ። ጎመንና ድንች ብቻ የሚበዛበት በያይነቱ ግን ሆድ ይሞላል እንጂ ለዚህ ዓላማ አይበቃም፤ ምስሩ፣ ሽሮውና ባቄላው ከፍ ብሎ ይቅረብልዎ።

ከፕሮቲኑ በላይ የሚያሳስበኝ ሰዓቱ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከእህልም ከውኃም የሚቆይ ሰው ጠዋት ጠንካራ ሩጫ ቢሮጥ ያጣውን ውኃ ለረጅም ሰዓታት አይተካም። በፍልሰታ ልምምዱን ሁሉ ወደ አመሻሽ ያዛውሩት፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠግበው ከበሉ አሥራ አንድ ተኩል ገደማ ክብደቱን መሥራት ይችላሉ፣ ከዚያ በኋላም ራት ይኖርዎታል። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የዳገትና የፍጥነት ሩጫውን ትተው ቀላሉን ብቻ ያቆዩ። ነሐሴ ዝናቡም ጭቃውም የሚበረታበት ስለሆነ፣ ለታመመ ቅልጥምም ዕረፍት ስለሚሆን፣ ጊዜው በራሱ ለዚህ ይመቻል። በረመዳን የሚጾሙ አንባቢዎችም ከኢፍጣር በኋላ ክብደቱን፣ ከኢፍጣር በፊት ባለው የመጨረሻ ሰዓት ደግሞ አጭርና ቀላል ሩጫን ቢያደርጉ በተመሳሳይ መንገድ ይሄዳል።

ከእንቁጣጣሽ በኋላ የሩጫው ጊዜ ይገባል። መስከረምንና ጥቅምትን ሐሙስ ላይ ትኩረት ያድርጉ፤ ለምሳሌ 1 ኪሎ ሜትርን በውድድር ፍጥነትዎ አራት ጊዜ፣ በየመካከሉ የሁለት ደቂቃ ሶምሶማ፣ በየሁለት ሳምንቱም አንድ ጊዜ እየጨመሩ። ቅዳሜ የሚሮጡት ርቀት ቀስ በቀስ ወደ 12 ወይም 13 ኪሎ ሜትር ይድረስ፣ አሥሩ ሲመጣ አጭር እንዲመስልዎ። ስኳቱ በሳምንት አንድ ቀን በሁለት ከባድ ዙር ይቀጥል።

ለውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሩጫውን ጠቅላላ ርቀት በግማሽ ያህል ይቀንሱ፣ ፍጥነቱን ግን እንዳለ ያቆዩት። የመጨረሻው ከባድ የእግር ልምምድ ከውድድሩ ስምንት ወይም ዘጠኝ ቀን በፊት ይሁን። በውድድሩ ሳምንት ጂም መግባት ካማረዎት ደረትና ጀርባ ላይ ብቻ ይቆዩ፣ አዲስ ልምምድም አይሞክሩ።

ሩጫው አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ጾመ ነቢያት ከመግባቱ ቀደም ብሎ ነው፤ ስለዚህ አንድ ሳምንት ሙሉ ዕረፍት ካደረጉ በኋላ ጾሙን በቀላል ልምምድ ጀምረው፣ ከገና በኋላ ደግሞ ቅደም ተከተሉን ይገለብጡታል። ያን ጊዜ የእግር ቀን ወደ ሁለት ይመለሳል፣ ሩጫው ወደ ሁለት ይወርዳል። ሂክሰንና ባልደረቦቹ ከ1980 በኋላ ባደረጓቸው ሌሎች ጥናቶች፣ የተገኘ የልብና የሳንባ አቅም ልምምዱ በሳምንት ወደ ሁለት ቀን ዝቅ ቢልም፣ የልምምዱ ጥንካሬ እስካልቀነሰ ድረስ ለ15 ሳምንታት ያህል እንደሚቆይ አሳይተዋል። ከሁለቱ ሩጫዎች አንዱን እንግዲህ የሐሙሱ ዓይነት ጠንካራ ሩጫ አድርገው ያቆዩት፤ 120 ኪሎ ግራሙን አልፈው ለመሄድም የተሻለው ጊዜ ያ ነው።